የአውታር ቅኝት ውሎ መዝገብ፦ ስለ አንድ ፅንሰ ሐሳብና ስለ ስያሜዎቹ የቀረበ ማብራሪያ

1. መነሻ

የስልክና የኮምፒዩተር አገልግሎት በአገራችን በሰፋ መጠን፣ ስለ አገልግሎቱ የሚዘጋጁ መመሪያዎች፣ የጨረታ ሰነዶች፣ የሥልጠና መጻሕፍትና ሕጎች በአማርኛ መጻፋቸው ግድ ሆኗል። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ፅንሰ ሐሳብ አለ። ይኸውም በአንድ የመገናኛ አውታር ላይ የተተከሉ መሣሪያዎች ስለ ሁኔታቸውና ስለ ጭነታቸው በየጊዜው የሚሰጡትን ልክ አንድ ዋና ጣቢያ እየሰበሰበ ለዓመታት የሚያቆይበት አሠራር ነው። ቃል በቃል የሚመልስ ተርጓሚ ይህን ሐሳብ «ታሪካዊ የኔትወርክ ክትትል መረጃን በማዕከላዊ አስተዳደር ሥርዓት ማከማቸት» ለማለት ይገደዳል።

ሐረጉ በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም፤ ቃላቱም የታወቁ ናቸው። ነገር ግን ከሙያው ውጭ ያለ አንባቢ የሚረዳው ሌላ ነገር ነው። «ታሪካዊ» ሲባል በታሪክ ሊወሳ የሚገባ ታላቅ ጉዳይ ይመስለዋል። «ክትትል» ሲባል ሰውን ከኋላ ሆኖ መጠባበቅ ይታየዋል። «መረጃ» የሚለው ቃል ከተራ ዕውቀት ሌላ የስለላን ፍሬ ጭምር የሚያመለክት በመሆኑ፣ ከ«ክትትል» ጋር ሲጣመር ይኸኛው ትርጉሙ ያይላል። «ማዕከላዊ አስተዳደር» ደግሞ መንግሥትን እንጂ መሣሪያን አያስታውስም። እነዚህ ሲደመሩ በሰዎች ግንኙነት ላይ የተካሄደ ስለላ በመንግሥት እጅ ተከማችቶ መቀመጡን የሚናገር ሐረግ ይወጣል። መሐንዲሱ ሊለው የፈለገው ግን የአንድ መስመር ጭነት ዛሬ ስንት እንደሆነና ዓምና በዚህ ወቅት ስንት እንደነበረ ለማነጻጸር የሚያስችል የቁጥር መዝገብ መያዙን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ልዩነት የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ቅጂ መካከል ልዩነት ቢገኝ የመጨረሻው ሕጋዊ ሥልጣን የአማርኛው እንደሚሆን ደንግጓል። ስለዚህ በመገናኛ ሕግ ውስጥ አንድ ቃል ሲዛባ፣ የሚዛባው አንባቢው ብቻ ሳይሆን ግዴታውና መብቱም ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ነገሩን በሥራ ላይ እንዳለ እናብራራለን፤ ከዚያም ቃላቱን አንድ በአንድ መርምረን ሊያገለግሉ ይችላሉ የምንላቸውን ስያሜዎች እናቀርባለን።

2. ነገሩ በሥራ ላይ

ስያሜ የሚወጣው ለታወቀ ነገር ስለሆነ ፅንሰ ሐሳቡን ማስቀደም ይገባል። ለምሳሌ በሰሜን ሸዋ የሚገኘውን ጣርማ በርን እንውሰድ። ጣርማ በር ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድበት፣ ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ የተራራ በር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928—1933 ዓ.ም.) ተራራው ተፈልፍሎ መኪና የሚያልፍበት ዋሻ ተሠርቶለታል። በደብረ ሲና ከተማ የሚተዳደረው ወረዳም በዚሁ ስም ይጠራል። «በር» የሚለው ቃል በዚህ የቦታ ስም ውስጥ የሚያመለክተው መዝጊያና መቃን ያለውን የቤት በር ሳይሆን፣ ደጋና ቆላ የሚገናኙበትን፣ ወጪ ወራጁም ሳያልፍበት የማይቀረውን ጠባብ ማለፊያ ነው።

እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ አንድ የሬዲዮ ምሰሶ ቆሞ ደጋውንና ቆላውን በማይክሮዌቭ ሞገድ ያገናኛል እንበል። በምሰሶው ላይ ያለው መሣሪያ የሚቀበለው የሞገድ ኃይል በዴሲቤል ይለካል። ዋናው ጣቢያ በየአምስት ደቂቃው መሣሪያውን ይጠይቃል፤ የሚሰጠውንም መልስ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ይጽፋል። አንድ ቀን የሞገዱ ኃይል ቀንሶ ቢገኝ የዚያ ቀን ንባብ ብቻውን ምክንያቱን አይናገርም። ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ የሆነ ሞገድ በከባድ ዝናብ እንደሚዳከም የታወቀ ስለሆነ ዝናብ ሊሆን ይችላል፤ ነፋስ ሰሃኑን ከአቅጣጫው አዙሮትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ያለፈው ጊዜ መዝገብ ነው። ኃይሉ ዝናብ በመጣ ቁጥር ወርዶ ዝናቡ ሲያባራ የሚመለስ ከሆነ ምክንያቱ ከአየሩ ነው። አንድ ቀን በድንገት ወርዶ ከዚያ ወዲያ ያልተመለሰ ከሆነ ሰሃኑ መዞሩን ለመጠርጠር ይቻላል። ሦስት ክረምት ሙሉ ጥቂት በጥቂት እየወረደ የመጣ ከሆነ ደግሞ ያረጀ መሣሪያ ወይም ውሃ የገባበት ገመድ ይጠረጠራል። ጥገና ሠራተኛው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከ150 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ከመጓዙ በፊት ምን ዓይነት መለዋወጫ መያዝ እንዳለበት የሚያውቀው በዚህ መዝገብ አማካይነት ነው።

ከዚህ ምሳሌ የፅንሰ ሐሳቡን አራት ክፍሎች ለይቶ ማውጣት ይቻላል፤ እነሱም ተጠያቂው መሣሪያ፣ ጠያቂው ጣቢያ፣ የጥያቄውና የመልሱ ሥርዓት፣ እንዲሁም መልሶቹ የሚቆዩበት መዝገብ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ተስማሚ ቃል መፈለጉ የሚቀጥሉት ክፍሎች ሥራ ነው።

3. አውታርና ቅኝት

«ኔትወርክ» የሚለው የውሰት ቃል በንግግር አማርኛ የራሱን መንገድ ይዟል። «ኔትወርክ የለም» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ መሣሪያዎች ትስስር ሳይሆን፣ በእጁ ባለው ስልክ ሞገድ አለመድረሱን ነው። ቃሉ በሕዝቡ አፍ ወደዚህ ትርጉም የጠበበ በመሆኑ በሙያ ጽሑፍ ውስጥ ሰፊውን ትርጉም ሊሸከም አይችልም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የወረዳ መስተዳድሮችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማገናኘት የተዘረጋው ፕሮጀክት «ወረዳኔት» መባሉ እንደሚያሳየው፣ የባዕዱ ቃል ቅንጣቢ ከአገሩ ቃል ጋር ተጣብቆ መጠሪያ ስም ለመሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከእሱ ሌሎች ቃላትን ማርባት አይቻልም።

በጽሑፍ የተለመደው «አውታረ መረብ» ነው። «አውታር» በግዕዝ የ«ወትር» ብዙ ቁጥር ሲሆን፣ አማርኛ ግን እንደ ነጠላ ስም ተቀብሎ «ባለ 10 አውታር በገና» እንደሚባለው ለእያንዳንዱ ክር አውሎታል። «መረብ» የዓሣ አስጋሪውን መሣሪያ ያስታውሳል። ጥምሩ በሕግና በትምህርት ጽሑፍ ሥር ስለ ሰደደ እንዲለወጥ አንሻም፤ ነገር ግን ሌላ ስም ሲጨመርበት የሚረዝም በመሆኑ በጥምር ስያሜዎች ውስጥ «አውታር» ብቻውን እንዲቆም እናሳስባለን። «የአውታረ መረብ ማስተዳደሪያ ማዕከል» ከማለት «የአውታር ማስተዳደሪያ ማዕከል» ማለት ይቀላል።

አውታሩን እየተመለከቱ መቆየትን ለመሰየም «ቁጥጥር»፣ «ጥበቃ»፣ «ክትትል»፣ «ምልከታ» እና «ቅኝት» ተወዳዳሪዎች ናቸው። «ቁጥጥር» ማዘዝንና ማገድን ይጨምራል፤ ጠያቂው ጣቢያ ግን በዚህ ተግባሩ ይመለከታል እንጂ አያዝም። «ጥበቃ» ጠላትን ከመከላከል ጋር የተያያዘ ነው። «ክትትል» በሕክምና «የሐኪም ክትትል» ሲባል በጎ ትርጉም ቢኖረውም፣ ከላይ እንደተመለከተው ከ«መረጃ» ጋር ሲገናኝ ወደ ስለላ ያደላል። «ምልከታ» አንድ ጊዜ ማየትንም ስለሚገልጽ የድግግሞሽ ስሜት ይጎድለዋል።

«ቅኝት» የወጣበት ግስ «ቃኘ» ነው። ወታደር አካባቢውን ይቃኛል፤ ይህም ደጋግሞ እየዞሩ ማየት ነው። የክራርና የበገና ደርዳሪም አውታሮቹን ይቃኛል፤ እያንዳንዱን ነካ እያደረገ ድምፁ በልኩ መሆኑን ያዳምጣል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ቅኝቶች የተባሉትም ስለዚህ ነው። ቃሉ ለያዝነው ጉዳይ የሚስማማው በሁለት ምክንያት ነው። በመጀመሪያ፣ «አውታር» እና «ቅኝት» በአማርኛ ውስጥ ቀድሞውኑ የተዋወቁ ቃላት ናቸው፤ አውታር የሚቃኝ ነገር መሆኑን ለአንባቢው ማስረዳት አያሻም። ሁለተኛ፣ ቃኚው አንዱ አውታር መርገቡን የሚያውቀው ትክክለኛው ድምፅ በጆሮው ስለ ቀረ ነው። መሣሪያ ደግሞ ጆሮ የለውም፤ ትክክለኛው ልክ ምን እንደነበረ የሚያስታውሰው ከተጻፈ መዝገብ ነው። «ቅኝ ግዛት» ከዚሁ ግስ መውጣቱ እንደ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን «ቅኝት» ብቻውን ሲነገር ይህን የሚያስታውስ ተናጋሪ እምብዛም ስለማይገኝ ችግሩ ከባድ ነው አንልም።

4. አስተዳደርና ማስተዳደሪያ

«አስተዳደር» የተግባርና የሥልጣን ስም ሲሆን፣ «ማስተዳደሪያ» በ«መ—ያ» ቅርጽ የወጣ የመሣሪያ ወይም የቦታ ስም ነው። አማርኛ «ጻፈ» ብሎ «መጻፊያ»፣ «ወቀጠ» ብሎ «መውቀጫ» እንደሚል፣ «አስተዳደረ» ብሎ «ማስተዳደሪያ» ይላል። ይህ ቅርጽ ሰው ወይም ሹመት ሳይሆን አንድ የሚሠራበት ነገር እንደታሰበ ለአንባቢው ይነግረዋል። «ማዕከላዊ» የሚለውም ቅጽል «ማዕከላዊ መንግሥት» በሚለው ሐረግ፣ በአዲስ አበባም በ2010 ዓ.ም. በተዘጋው የምርመራ እስር ቤት መጠሪያ ምክንያት በጆሮ ላይ ከባድ ሆኗል። ስለዚህ ቅጽሉን ትተን ስሙን በመያዝ «የአውታር ማስተዳደሪያ ማዕከል» ማለት ይሻላል።

5. ጥያቄ፣ ንባብና ጥሪ

በጠያቂውና በተጠያቂው መካከል ያለው ሥርዓት በዓለም አቀፍ ደረጃ በስፋት የሚሠራበት በምሕፃሩ ኤስ ኤን ኤም ፒ የሚባለው ነው፤ የመጀመሪያው ደንብ የወጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ሥርዓት ማዕከሉ በየተወሰነ ጊዜ ይጠይቃል፤ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ወኪል ይመልሳል። ለዚህ ተግባር አማርኛ ቃል መፍጠር አያስፈልገውም። የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ከገባ ጀምሮ «ቆጣሪ አንባቢ» የሚባል ሙያተኛ ይታወቃል፤ እየዞረ የቆጣሪውን ቁጥር ይጽፋል። ስለዚህ መሣሪያው ውስጥ ያለው «ቆጣሪ»፣ ከእሱ የተወሰደው ቁጥር «ንባብ»፣ በሁለት ንባቦች መካከል ያለው ጊዜ «የንባብ ክፍተት» ቢባል ከመሐንዲሱም ከተራው አንባቢም ጋር ያግባባል። «ንባብ» ሌላም ጥቅም አለው። ያልተተረጎመውን ጥሬ ቁጥር ለመጥራት ስለሚያገለግል «መረጃ» የሚለውን አሻሚ ቃል በዚህ ቦታ ለማስቀረት ያስችላል።

የቆጣሪ ጠባይ ለተርጓሚ አንድ ጥንቃቄ ያስተምራል። የቤት ቆጣሪ የመጨረሻ አኃዙ ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይዞራል። በ32 ቢት የሚሠራ የአውታር ቆጣሪም 4,294,967,295 ላይ ሲደርስ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ባይት ከሆነና መስመሩ በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ቢት ያለማቋረጥ የሚያሳልፍ ከሆነ ይህ በ344 ሴኮንድ ያህል፣ ማለት ስድስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይሆናል፤ በአሥር እጥፍ የፈጠነ መስመር ላይ በ34 ሴኮንድ ያህል ያልቃል። በንባብ ክፍተቱ ውስጥ ቆጣሪው ከአንድ ጊዜ በላይ ከዞረ የተገኘው ልዩነት ሐሰት ነው። ባለ 64 ቢት ቆጣሪ የተበጀው ስለዚህ ነው። ይህን ሁኔታ «መሽከርከር» ወይም «መገልበጥ» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ መሣሪያው የተበላሸ ያስመስለዋል፤ «የቆጣሪ መዞር» ግን ቆጣሪ ላየ ሰው ሁሉ ግልጽ ነው።

መሣሪያው ሳይጠየቅ በራሱ ተነሥቶ አደጋ መኖሩን የሚያሳውቅበት መልእክት በምንጩ ቋንቋ በወጥመድ ስም ተጠርቷል። ይህን «ወጥመድ» ብሎ መመለስ ነገሩን ገልብጦ ያሳያል፤ ወጥመድ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ይህ ግን ይጮኻል። «የድረሱ ጥሪ» ብንለው ተግባሩ በስሙ ይነገራል።

6. ታሪክና ውሎ

አስቸጋሪው ቃል ያለፉትን ንባቦች ክምችት የሚጠራው ነው። «ታሪካዊ» የማይሆንበት ምክንያት ከላይ ተነግሯል። «የቆየ» ጊዜው ያለፈበትንና የማያገለግለውን ያመለክታል። «ነባር» አሁንም በቦታው ያለውን ይጠራል። «የቀድሞ» ከተለወጠ ሥርዓት ጋር ይያያዛል። «ዜና መዋዕል» የቀናት ወሬ መዝገብ በመሆኑ በትርጉሙ ይቀርባል፤ ነገር ግን የነገሥታቱ ስለሆነ ለአንድ ምሰሶ የሞገድ ኃይል አይመጥንም።

«ውሎ» የሚለው ስም «ዋለ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ አንድ ነገር በአንድ የተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ሲያደርግ፣ ምን ሲሆን እንደቆየ ይናገራል። «የገበያ ውሎ»፣ «የችሎት ውሎ»፣ «የጦር ሜዳ ውሎ» ሲባል በሦስቱም የሚታሰበው አንድ ታላቅ ድርጊት ሳይሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የነበረው ሁኔታ ነው። የመሣሪያው ንባቦች የሚናገሩትም ይህንኑ ነው። ማዕከሉ መሣሪያውን በየአምስት ደቂቃው የሚጠይቀው በፍሬ ነገሩ «እንዴት ዋልህ? እንዴት አደርህ?» ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። «ውሎ» ቀንን ብቻ ይመለከታል፣ መሣሪያ ግን ሌሊትም ይሠራል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ለዚህም በብያኔ ውስጥ ሙሉውን «የውሎና አዳር መዝገብ» ማለት፣ በጥምር ስያሜ ውስጥ ደግሞ «ውሎ መዝገብ» ብሎ ማሳጠር በቂ ነው።

ከዚህ የሚለይ ሌላ መዝገብ መኖሩንም ማስታወስ ይገባል። ውሎ መዝገብ በእኩል ክፍተት የተወሰዱ ቁጥሮችን ይይዛል። መብራት ሲጠፋ፣ መስመር ሲቆረጥ፣ የድረሱ ጥሪ ሲመጣ የሚጻፈው ግን ድርጊቱ በሆነበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ «የሁነት መዝገብ» ሊባል ይገባዋል። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ትርጉም የጥገና ሠራተኛውን ወደማይፈልገው መዝገብ ይልከዋል።

7. ቋት፣ ጎተራ፣ እህልና ዱቄት

በየአምስት ደቂቃው አንድ ንባብ ቢወሰድ በቀን 288፣ በዓመት 105,120 ንባብ ይሆናል። 100 መሣሪያዎች ቢኖሩና ከእያንዳንዳቸው 20 ልኮች ቢነበቡ በዓመት 210,240,000 ንባቦች ይከማቻሉ። እነዚህ የሚቀመጡበት «የመረጃ ቋት» የሚለው ስያሜ አማርኛ በዚህ መስክ ካገኛቸው የተሳኩ ስያሜዎች አንዱ ነው። ቋት ከወፍጮው ሥር ያለ፣ የሚፈጨው ዱቄት የሚጠራቀምበት ነው፤ ሳያቋርጥ እየመጣ ለሚወድቅ ነገር የሚመጥን ምስል ነው። ረጅም ዘመን ለሚቆየው ክምችት ግን ገበሬው ሌላ ቃል አለው፤ «ጎተራ»። ዕለት በዕለት የሚሠራበትን ቋት፣ ለዓመታት የሚቆየውን ጎተራ ማለት ሁለቱን ለመለየት ይረዳል።

ምስሉ አንድ ተጨማሪ ቁም ነገር ያስረዳል። ቦታ ለመቆጠብ ማዕከሉ የቆዩትን ንባቦች ያጠቃልላል፤ የአንድ ሰዓት 12 ንባቦችን በአንድ አማካይ፣ የአንድ ቀኑን 24 ሰዓቶች በሌላ አማካይ ይተካል። ስዊዘርላንዳዊው ቶቢ ኦቲከር በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው አር አር ዲ ቱል የሚባለው ፕሮግራም የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው፤ የቋቱ መጠን ከመጀመሪያው ተወስኖ፣ አዲሱ ንባብ በጣም አሮጌው በነበረበት ቦታ ይጻፋል። እንዲህ ያለውን «ተዘዋዋሪ ቋት» ብለነዋል። ዘዴው ቦታ ይቆጥባል፤ ዋጋም ያስከፍላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተወሰዱት 12 ንባቦች 11ዱ የመስመሩ ጭነት በመቶ 10 መሆኑን፣ አንዱ በመቶ 100 መሆኑን ቢያሳዩ፣ አማካዩ በመቶ 17.5 ይሆናል። ከዓመት በኋላ መዝገቡን የሚያይ ሰው መስመሩ ፋታ እንደነበረው ያምናል፤ ያ አንድ የመጨናነቅ ጊዜ ጠፍቷል። ዱቄት ተመልሶ እህል እንደማይሆን፣ ከአማካዩም ጥሬ ንባቦቹን መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ስለዚህ ጠንቃቃ ማዕከል ከአማካዩ ጋር ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ንባብ ለብቻ ያቆያል። ለእነዚህም በኢኮኖሚ ጽሑፍ የተለመዱት «ጣሪያ» እና «ወለል» ያገለግላሉ። ለተርጓሚውም ከዚህ የሚከተል ግዴታ አለ፤ «ማጠቃለል» የሚለውን «ማከማቸት» ወይም «መጭመቅ» ብሎ መመለስ አይገባውም። የተከማቸ ነገር እንዳለ ይገኛል፤ በኮምፒዩተር ሥራ የተጨመቀም ሲፈታ ሊመለስ ይችላል፤ የተጠቃለለ ግን አይመለስም።

8. ባዶ፣ ዜሮና ያልተነበበ

በአማርኛ «ባዶ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። ተማሪ «ባዶ አገኘሁ» ሲል ውጤቱ ዜሮ ነው ማለቱ ነው፤ «ቦታው ባዶ ነው» ሲባል ግን ምንም አልተጻፈበትም ማለት ነው። በውሎ መዝገብ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ዜሮ ማለት ማዕከሉ ጠይቆ፣ መሣሪያው መልሶ፣ በመስመሩ ላይ ምንም አለማለፉ ታወቀ ማለት ነው። ንባብ አለመኖሩ ግን ማዕከሉ መልስ አላገኘም ማለት ነው፤ በመስመሩ ላይ ምን እንዳለፈ አይታወቅም። በጣርማ በሩ ምሳሌያችን ንባብ የማይመጣው መሣሪያው ስለ ጠፋ ወይም ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ስለ ተቆረጠ ሊሆን ይችላል፤ በሁለተኛው ጊዜ ምሰሶው በአካባቢው ያሉትን ሰዎች እያገናኘ ሊሆን ይችላል። አንድ ዘገባ «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ባዶ ነበር» ካለ አገልግሎት ተቋርጦ እንደሆነ ወይም ማዕከሉ ብቻ ሳያይ ቀርቶ እንደሆነ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። በኮንትራት ካሣ በሚጠየቅበት ጊዜ ይህ ልዩነት የገንዘብ ልዩነት ነው። ስለዚህ በዚህ መስክ «ባዶ» የሚለው ቃል ቀርቶ «ዜሮ» እና «ያልተነበበ» በየቦታቸው እንዲገቡ እናሳስባለን።

9. ቀንና ሰዓት

እያንዳንዱ ንባብ የተወሰደበት ጊዜ አብሮት ይጻፋል። ይህን «የጊዜ ማኅተም» ብሎ መመለስ፣ በአማርኛ ማኅተም የባለሥልጣንን ማረጋገጫ ስለሚያመለክት፣ ያልታሰበ ክብደት ይጨምርበታል። «የንባብ ቀንና ሰዓት» በቂ ነው።

ከስያሜው ይልቅ አቆጣጠሩ ይከብዳል። ብዙዎቹ ማሽኖች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. እኩለ ሌሊት ጀምሮ ባለፉ ሴኮንዶች ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሰዓቱም የግሪኒች ሲሆን የኢትዮጵያ በሦስት ሰዓት ይቀድመዋል። ተርጓሚ በማሽኑ ላይ 02:00 ተብሎ የተጻፈውን «2 ሰዓት» ቢለው አንባቢው ጧት ወይም ማታ ይመስለዋል፤ መባል ያለበት «ከሌሊቱ 11 ሰዓት» ነው። የወሩም ነገር እንዲሁ ነው። ሴፕቴምበርን «መስከረም» ብሎ መመለስ ስሕተት ነው፤ ሴፕቴምበር የሚጀምረው ነሐሴ 26 ቀን ሲሆን ጳጉሜንን በሙሉ ይዞ መስከረም 20 አካባቢ ያበቃል።

ይህ ጉዳይ «የወትሮ ልክ» ብለን ከምንጠራው ሐሳብ ጋር ይያያዛል። የወትሮ ልክ ማለት አንድ መስመር በደኅና ጊዜ፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው ወቅት የሚያሳየው የተለመደ መጠን ነው፤ የማስጠንቀቂያ ልክ የሚወሰነውም ከእሱ ተነሥቶ ነው። ሰው ለእንኳን አደረሰህ በሚደዋወልበት ዕለት የመስመር ጭነት ከዘወትሩ የተለየ እንደሚሆን ይጠበቃል። የዘመን መለወጫ ዘወትር መስከረም 1 ቀን ቢሆንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንዳንዱን ዓመት ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዱን 12 ይውላል፤ ትንሣኤ ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር ይዘዋወራል። «ዓምና በዚሁ ቀን» የሚለውን ሐረግ የሚመልስ ሰው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጥቀስ አለበት፤ አለዚያ የበዓል ቀን ከአዘቦት ቀን ጋር ይነጻጸራል።

10. ጭነት፣ ግንኙነትና ይዘት

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ሕግን ይነካል። በአውታር ላይ ስለሚተላለፈው ነገር ሦስት ዓይነት ዕውቀት ሊያዝ ይችላል። እነዚህን ለመለየት የጥንቱን የኬላ ሥራ ማስታወስ ይጠቅማል። ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ወደ አንኮበር ሲወጣ በአልዩ አምባ ገበያ ቀረጥ ይከፍል ነበር። የኬላ ሹም ስንት ጭነት እንዳለፈ መቁጠር ይችላል፤ ይህ አንድ ነገር ነው። ማን ከየት መጥቶ ወደ ማን እንደሚሄድ መጻፍ ይችላል፤ ይህ ሁለተኛ ነገር ነው። ነጋዴው የያዘውን ደብዳቤ ከፍቶ ማንበብ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው።

በውሎ መዝገብ የሚያዘው በመሠረቱ የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ስንት ባይት አለፈ፣ ስንት ስሕተት ተገኘ፣ የሞገዱ ኃይል ስንት ሆነ የሚል ቁጥር ነው። ስለ ኮምፒዩተር ወንጀል የወጣው አዋጅ ቁጥር 958/2008 ግን አገልግሎት ሰጪዎች ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገደደው ሁለተኛውን ዓይነት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሚመለከተው የአንድን ሰው ማንነት የሚያሳውቀውን ሁሉ ነው። አንድ የአሠራር መመሪያ ሦስቱንም «የትራፊክ መረጃ» ብሎ ቢጠራቸው ሁለት ዓይነት ጥፋት ሊመጣ ይችላል። በአንድ በኩል ሠራተኛው በሕግ መቆየት ያለበትን እንደ ተራ ቁጥር አጠቃልሎ ያጠፋዋል። በሌላ በኩል ለመጠበቅ የማይገባውን የሰው ግንኙነት ከመሣሪያ ንባብ ጋር ቀላቅሎ ለዓመታት በጎተራ ያኖረዋል። ስለዚህ «የጭነት ንባብ»፣ «የግንኙነት መዝገብ» እና «የመልእክት ይዘት» ተብለው በሦስት ስም እንዲለዩ፣ «የማቆያ ዘመን» የሚለውም ግዴታ ለየትኛው እንደሆነ በግልጽ እንዲጻፍ ያስፈልጋል።

11. የቀረቡ ስያሜዎች

አውታር፦ በመስመር ወይም በሞገድ የተያያዙ መሣሪያዎች ትስስር፤ የ«አውታረ መረብ» አጭር ቅርጽ፣ በጥምር ስያሜ የሚገባ።
ቅኝት፦ የአውታሩን መሣሪያዎች ደጋግሞ እየጠየቁ ሁኔታቸውን ማወቅ።
የአውታር ማስተዳደሪያ ማዕከል፦ የሚጠይቀው፣ የሚመዘግበውና የሚያሳየው ዋና ጣቢያ።
ወኪል፦ በመሣሪያው ውስጥ ሆኖ ለጥያቄ የሚመልስ ፕሮግራም።
ቆጣሪ፦ በመሣሪያው ውስጥ እየጨመረ የሚሄድ የቁጥር መያዣ።
የቆጣሪ መዞር፦ ቆጣሪው የመጨረሻ አኃዙን አልፎ ከዜሮ መጀመሩ።
ንባብ፦ በአንድ ቅጽበት የተወሰደ ጥሬ ቁጥር።
የንባብ ክፍተት፦ በሁለት ተከታታይ ንባቦች መካከል ያለ ጊዜ።
ያልተነበበ፦ መልስ ያልተገኘበት ክፍተት፤ ከዜሮ የሚለይ።
የድረሱ ጥሪ፦ መሣሪያው ሳይጠየቅ የሚልከው የአደጋ መልእክት።
ውሎ መዝገብ፦ ያለፉት ንባቦች በቀንና በሰዓት ተራ የተያዙበት የውሎና አዳር መዝገብ።
የሁነት መዝገብ፦ ድርጊት በሆነ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት መዝገብ።
ማጠቃለል፦ ብዙ ንባቦችን በአማካይ፣ በጣሪያና በወለል መተካት።
ተዘዋዋሪ ቋት፦ መጠኑ ሳይለወጥ አዲሱ በአሮጌው ቦታ የሚጻፍበት ቋት።
ጎተራ፦ ለረጅም ዘመን የሚቆዩ መዛግብት የሚኖሩበት ክምችት።
የወትሮ ልክ፦ በደኅና ጊዜ የሚታየው የተለመደ መጠን።
የማስጠንቀቂያ ልክ፦ ሲታለፍ ማዕከሉ ሠራተኛውን የሚያነቃበት መጠን።
የማቆያ ዘመን፦ አንድ መዝገብ ሳይጠፋ እንዲቆይ የተወሰነለት ጊዜ።

12. ማጠቃለያ

በእነዚህ ስያሜዎች መሠረት በመነሻችን የጠቀስነው ሐረግ «ያለፉትን የአውታር ቅኝት ንባቦች በማስተዳደሪያው ማዕከል በውሎ መዝገብ አኑሮ ማቆየት» ይሆናል። ሐረጉ ከቀድሞው አላጠረም፤ ነገር ግን ማንም የአማርኛ አንባቢ ነገሩ የመሣሪያ ቁጥር መሆኑን ከመጀመሪያው ያውቃል።

ከቀረቡት ስያሜዎች አብዛኞቹ አዲስ የተፈጠሩ አይደሉም። ከወፍጮ ቤት፣ ከገበሬው ጎተራ፣ ከክራር ደርዳሪው፣ ከቆጣሪ አንባቢውና ከገበያው ውሎ የተወሰዱ ናቸው። የስያሜ ሥራ የተለመደ ሥርዓት አስቀድሞ በቋንቋው ውስጥ ያለውን ቃል መፈለግ፣ ከታጣ ወደ ግዕዝና ወደ ሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መሄድ፣ በመጨረሻም የውሰቱን ቃል መቀበል ነው። ይህ መስክ ምን ያህል አዲስ ቢመስል የመጀመሪያውን ደረጃ እምብዛም ማለፍ አላስፈለገውም። ስያሜዎቹ የሚጸኑት ግን በሥራ ላይ ሲውሉ ነው። ስለዚህ በቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቶች፣ በሕግ አርቃቂዎችና በማሠልጠኛዎች ዘንድ የሚሠሩ ተርጓሚዎች እነዚህን ቃላት በረቂቆቻቸው ውስጥ እንዲሞክሯቸው፣ የማይስማማውንም ከምክንያቱና ከሚተካው ቃል ጋር እንዲያቀርቡ እንጠይቃለን።